ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፦ የአንድ አጭር ጉዞ ዕቅድ

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይወድ በግዱ ይዘጋጃል። ስንቁን ያስቋጥራል፤ ዘመድ ወዳጁን ይሰናበታል፤ የሚያድርበትን ቤት አስቀድሞ ይጠይቃል። አጭር መንገድ ግን ይህን ክብር ተነፍጎ የኖረ ነው። «እዚችው ድረስ ነው» ተብሎ ይወጣበታል፤ «እዚችው ደርሼ መጣሁ» ተብሎ ይገባበታል። በመካከሉ ያለው አገር ሳይታይና ሳይጠየቅ ይቀራል። የጉዞ ነገር ሲነሣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ ከገዛ ከተማው ቀጥላ ወዳለችው ከተማ የሚወስደውን መንገድ አጥርቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ አንዲት አጭር መንገድና እርሷን ለመሄድ ስለምናደርገው ሰፊ ዝግጅት ለማውሳት እወዳለሁ።

መንገዲቱ በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ ተነሥታ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ እስከሆነችው ውጫሌ የምትዘልቀው ናት። ርዝመቷ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ ራሷ ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሁለቱንም ከተሞች ያቋርጣል። ከደሴ ወልድያ የሚመላለሰው መኪና ይህችን መንገድ በጥቂት ጊዜ ይጨርሳታል፤ ተሳፋሪውም ብዙውን ጊዜ ይተኛባታል።

የጉዞው አሳብ የመጣው ከአክስቴ ነው። አክስቴ አምባሰል ተወልደው ሐይቅ የተዳሩ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ሴት ናቸው። የክርስቲያን ቤት ልጅ ሆነው የሙስሊም ቤት ሙሽራ ሆኑ፤ ሃይማኖታቸውንም ከትዳራቸው ጋር አንድ አደረጉ። በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ቄስም ሼህም ማግኘት የተለመደ ነውና። ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል። ዓይናቸውም በሞራ ተጋርዶ ትልልቁን ነገር እንጂ ትንንሹን አይለይም፤ የተራራ ጥላና የውኃ ብልጭታ ይታያቸዋል፤ የሰው ፊት ግን የሚያውቁት በድምፁ ነው። በዚህ ክረምት ልጠይቃቸው ሐይቅ በሄድሁ ጊዜ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳለ፣ «አምባሰልን አንድ ቀን አሳየኝ። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለኝም» አሉኝ።

ይህን የሰማው የልጅ ልጃቸው፣ «አያቴ፣ ይኼማ ቀላል ነው፤ ነገ ጠዋት ሄደን ለምሳ እንመለሳለን» አለ። የመምህራን ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ወጣት ነው።

እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ያንተ መንገድና የእኔ መንገድ አንድ አይደለም። የእኔ እስከ ምሳ አያልቅም» ሲሉ መለሱለት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስታችን በአንድ ወረቀት ዙሪያ ተቀመጥን። ይህ ጸሐፊ ተውኔት ሲጽፍ የኖረ ነውና፣ ማን መቼ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ማስላት ልማዱ ነው። ነገር ግን በተውኔት ተዋናዩ ደራሲው የጻፈለትን ይጫወታል፤ በዚህኛው ዕቅድ ውስጥ ያሉት ባለታሪክ ግን ከደራሲው ይልቅ ቦታውን ያውቁታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀኑ ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው፤ ጉሙ ከተራራው ላይ ሳይነሣ ለደከመ ዓይን የሚታይ ነገር የለም። መስከረም አማራጭ መስሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ በአምባሰል ወረዳ በሚገኘው በግሸን አምባ የማርያም ክብረ በዓል መስከረም 21 ቀን ስለሚውል፣ በዚያ ሰሞን የወሎ መንገድ ሁሉ ከየአገሩ በሚመጣ ምእመን ይጨናነቃል። ረቡዕና ዓርብ ለክርስቲያኖቹ ጾም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ለአክስቴ ጁምዓ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል። እነዚህን ሁሉ ቀናት አንድ በአንድ ስናወጣ በእጃችን የቀረው በኅዳር መጀመሪያ ያለ ማክሰኞ ሆነ። በዚያን ጊዜ የማሽላው ራስ ጎንበስ ይላል፤ ሰማዩም ይጠራል። «ማክሰኞ ደግ ቀን ነው» አሉ አክስቴ፤ ቀኑም በወረቀቱ ራስጌ ላይ ተጻፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ መቀመጫው ነው። ይህ ነገር ለብዙ ሰው ቀላል ይመስላል። ከሐይቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ሐይቁ በስተቀኝ ይቀራል፤ የአምባሰል ተራሮች ደግሞ በስተግራ ይነሣሉ። በአገራችን መኪና ሾፌሩ የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ፣ ከጎኑ የሚቀመጡት አክስቴ ሲሄዱ ሐይቁን፣ ሲመለሱ ተራራውን በመስኮታቸው በኩል ያገኛሉ። ስለሆነም ጉዞው ደርሶ መልስ እንዲሆን፣ ሲመለሱም ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ እንዲሆን ተወሰነ። ማታ ከሆነ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ወርዳ ዓይናቸውን ትወጋለችና።

የማለዳው መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ ስፋቱ ሃያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከሰማንያ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ሳይኖረው ውኃው ጨው ያልሆነ ነው። በአካባቢው አፈ ታሪክ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት በተበደለች ጊዜ፣ እርሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ ይባላል። ያች መሬት በኋላ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተመሠረተባት ናት። በቀድሞ ዘመን ደሴት ነበረች፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ለኢየሱስ ሞአ የተጻፈው አራቱ ወንጌል በብራና ሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ከታወቁት ጥንታውያን መጻሕፍት መካከል የሚቆጠር ነው። ጽሕፈትን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው ያን ስፍራ ሳይረግጡ ማለፍ የሚከብድ ነው። ስለዚህ በእኔ ዝርዝር ላይ በመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ገዳሙ ነበር።

ነገር ግን ሴቶች ወደ ገዳሙ ቅጥር አይገቡም። እኔና ልጁ ገብተን ስንመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለጉዳይዋ በዳር ተቀምጠው ሊጠብቁን ነው። እርሳቸው ይህን ሲሰሙ፣ «አብሽር፣ ሂዱ። እኔ ከውኃው ጋር አወራለሁ» አሉ። በዚህ መስመር ላይ እስክሪብቶዬን አሳርፌ ጥቂት ቆየሁ፤ ሳልወስንም ወደሚቀጥለው ተሻገርሁ።

ቀጥሎ የስንቅ ነገር መጣ። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መሶብ ሲቀርቡ ሥጋው ማን እንደባረከው ይጠየቃል፤ ጨዋነቱም ያለው ሁለቱ ወገን ሳይተፋፈሩ የየራሱን ማክበራቸው ላይ ነው። ለመንገድ ደግሞ ሁለት ድስት መያዝ አይመችም። መላውን ያመጡት አክስቴ ናቸው። ዳቦ፣ ቆሎና የሐይቁ ዓሣ። «ዓሣን ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም» አሉ። ጾም ባልሆነ ማክሰኞ ለሁላችንም የሚሆን፣ ከመነሻችንም የሚገኝ ምግብ እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለውን መካከለኛ መንገድ በተመለከተ፣ በእኔ ዝርዝር ላይ የነበረው የሱሉላ ከተማ ስም ብቻ ነበር። ካርታው ከዚህ የበለጠ አልነገረኝም። አክስቴ ግን ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ሙሽራ ሆነው በበቅሎ ሲመጡ ጉዞው ሙሉ ቀን የፈጀ ነበርና፣ ሚዜዎቹ በቅሎዋን ያሳረፉበት አንድ ዋርካ አለ። ውኃ ጠጥተው ፊታቸውን የታጠቡበት ምንጭ አለ። ከእናታቸው ጋር የተለያዩበት፣ እናታቸውም «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» ብለው ድንጋይ ላይ የተቀመጡበት መታጠፊያ አለ። ልጁ እየጻፈ፣ «ቦታው ምን ይባላል?» እያለ ይጠይቃቸዋል። «ምን ይባላል ትለኛለህ፤ እናቴ የቀረችበት ነው» ይሉታል።

ከእነዚህ ማቆሚያዎች አንዱን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በገባ ጊዜ ገበሬው ከየቀዬው እየወረደ ይህንኑ አውራ ጎዳና ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ አላፊ መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። የቀረው ዓለም ነገሩን በሰፊው ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። አክስቴ ግን ፊልሙን አላዩም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር የባቄላ ንፍሮ ቀቅለው፣ በእንስራ ውኃ ይዘው ወደ አስፋልቱ ዳር ይወጡ ነበር። ንፍሮው ያልደረሰላቸውን ያስታውሳሉ። «እዚያች ላይ አውርዱኝ፤ ፋቲሃ ላድርግላቸው» አሉ። እኔም በዚያው መስመር ጎን «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍሁ።

የጉዞው መድረሻ ውጫሌ ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ ይህን ስም በትምህርት ቤት ይማረዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመው እዚሁ ነው፤ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ስፍራ በአምባሰል ይገኛል። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። የአንዲት ግሥ ልዩነት አገርን በሞግዚት ሥር ለማዋል ምክንያት ሆነች፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ ተፈታ። ከውሉ በኋላ በአርባ ሰባተኛው ዓመት ኢጣሊያ ዳግመኛ በጦር መጣች፤ በአምስቱ ዓመት ወረራ ዘመንም ከአሥመራ በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ጥርጊያ ሠርታ በዚያው በውጫሌ አሳለፈችው። ወራሪው ተሸንፎ ወጣ፤ መንገዱ ለባለአገሩ ቀረ። እኛም ማክሰኞ የምንሄድበት እርሱኑ ነው።

ይህን ታሪክ ለአክስቴ በዝርዝር አጫወትኋቸው። የውሉን ነገር በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «እኛ አንድ በሬ ስንሸጥ እንኳ ሁለት ምስክር እናቆማለን። ለአገር ነገር የቆመው ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለዚህ ውል ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ከማንም አልሰማሁም ነበር። ይስማ ንጉሥንም እንዲያዩ ለመንኋቸው። «ጊዜ ከተረፈን» አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። ይኸውም ዜማው ነው። ከአራቱ የባህል ሙዚቃችን ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል፣ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰልም በጃንጥራር ማዕረግ የሚጠሩ ሹማምንት ያስተዳድሩት የነበረው ይኸው ተራራማ አገር ነው። ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ የወሎ ድምፃውያን ቅኝቱን ለመላው አገር አሰምተዋል። እኔም በመድረክ ሥራዎቼ ውስጥ ኀዘንና ናፍቆት በተነሣ ቁጥር ክራሩ በአምባሰል እንዲቃኝ አድርጌአለሁ። ተመልካቹ ያዝናል፤ ያጨበጭባል፤ ይሄዳል። ከተመልካቹም ከተዋናዩም አምባሰልን በዓይኑ ያየው ስንቱ ይሆን?

አክስቴ ልጃገረድ ሳሉ ይዘፍኑ እንደነበር ከእናቴ ሰምቼ ነበርና ስለ ዜማው ጠየቅኋቸው። «በቤት ውስጥ አልነበረም የምንለው። እንጨት ለቀማ ስንወጣ አንዷ ከዚህ ወገብ፣ ሌላዋ ከማዶ ሆነን ነው። ድምፁ የሚጎተተው ማዶ ያለችው እንድትሰማው ነው። አንቺ ስትጨርሺ እርሷ ትቀበልሻለች» አሉ። ልጁ «እስቲ አንድ ጊዜ ይበሉልን» ቢላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እዚህ ማዶ የለም» አሉት።

በዚህም ምክንያት በዕቅዱ ላይ አንድ አዲስ ማቆሚያ ተጨመረ። ከውጫሌ ሲመለሱ ተራራው በአክስቴ በኩል ሲሆን፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ማንም አይናገርም። ድምፃቸው እሺ ካላቸው ይላሉ። እሺ ካላላቸው ዝም ብለን ቆይተን እንሄዳለን። ልጁ በስልኩ ሊቀዳ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ተፈቅዶለታል። በዘመናቸው የገጠሟቸው ግጥሞች ስንት እንደሆኑ እርሳቸውም አይቆጥሯቸውም፤ በወረቀት የሠፈረ ግን አንድ ስንኝ እንኳ የለም።

እንግዲህ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ሰዓቱን ስንደምር ቀኑ አልበቃ አለ። አክስቴ ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ መቀመጥ አይችሉም፤ የዙሁር ሶላታቸውን ውጫሌ ይሰግዳሉ፤ አሥር ሰዓት ሳይሆን ወደ ቤት መመለስ አለባቸው። ስለዚህ የሚሰረዝ ነገር ሊኖር ነው። የእኔ ዝርዝር ከመጻሕፍት የተቀዳ ነበር፤ የእርሳቸው ከእግራቸው። ገዳሙ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል። አንቀጽ 17 በየቤተ መጻሕፍቱ ተጽፎ ይገኛል። ያ መታጠፊያ፣ ያ ምንጭና ያ የንፍሮ ቦታ ግን ሰሌዳ የለባቸውም፤ የሚያውቋቸውም አንዲት ዓይናቸው የደከመ ሴት ብቻ ናቸው። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ገዳሙን ሰረዝሁት፤ እኔና ልጁ ሌላ ቀን እንሄዳለን። ይስማ ንጉሥንም «ጊዜ ከተረፈ» ወደሚለው አወረድሁት።

የቀረው የጸጥታ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ አስፋልት ላይ አልፏል፤ ሐይቅም ውጫሌም የመድፍ ድምፅ ሰምተዋል። በአገራችን ማንም መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ለይምሰል አይደለም። ይህን የማጣራት ኃላፊነት ለልጁ ተሰጥቷል፤ ሰኞ ማታ መናኸሪያ ወርዶ ከወልድያ የገቡትን ሾፌሮች ይጠይቃል። መልሱ ካልጣመ ጉዞው ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይተላለፋል። አክስቴ ይህን ያለ ቅሬታ ተቀብለውታል። «ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው ስምንት ቀን አይከብደውም» አሉ። ይሁን እንጂ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የቀረን ማክሰኞ ሁለት ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ «ለከርሞ» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚነገር አይደለም።

ይህን መጽሔት ከሚያነብቡት መካከል መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና የመድረክ ሰዎች ብዙ ናቸው። በየወረዳው ተመሳሳይ መንገድ አለ፤ በየመንገዱም ዳር አንድ «እናቴ የቀረችበት» አይጠፋም። ተማሪዎቻችንን ለጉብኝት ስናወጣ መኪናውን ተከራይተን፣ ስንቁን ቋጥረን፣ የታሪክ መጽሐፉን ይዘን እንነሣለን። ከፊት ባለው መቀመጫ ላይ ግን አንድ አዛውንት ማስቀመጥ ይገባናል። የት እንደሚቆም የሚያዝዙት እርሳቸው ይሁኑ፤ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ይሁኑ። ነዳጁ ያው ነው፤ ሠላሳው ኪሎ ሜትርም ያው ሠላሳ ነው።

ዕቅዳችን በአንድ ገጽ አልቋል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል መነሣት፤ ሁለት ሰዓት ሐይቁ ዳር፤ ከዚያ ዋርካው፣ ምንጩ፣ የንፍሮው ቦታና መታጠፊያው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ውጫሌ፣ ሶላትና ምሳ፤ ስምንት ሰዓት መመለስ፤ በመንገድ ላይ ሞተር ማጥፋት። ለመጨረሻው ነገር ሰዓት አልተመደበለትም። ልጁ «ስንት ደቂቃ ልጻፍ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ክፍት እንዲተወው ነገርሁት።